መረቡና ፔሊካኑ፦ ከሊዝበን እስከ ባታልያ

ማክሰኞ፣ ሊዝበን

የሊዝበን ባንዲራ ጥቁርና ነጭ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሞ ሽቅብ የሚያይ ሰው ከመሃል ወደ ዳር በስምንት የተከፈለ ጨርቅ ያያል፤ አንዱ ክፋይ ጥቁር፣ ተከታዩ ነጭ እየሆነ ይዞራል። መሃሉ ላይ ጋሻ አለ። በጋሻው ውስጥ ጥቁር መርከብ በማዕበል ላይ ቆሟል፤ በመርከቡ ፊትና ኋላ ሁለት ቁራዎች ተቀምጠዋል። ይኸው መርከብ በእግረኛ መንገዱ የድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ በመብራት ምሰሶው ላይ፣ እግር በጣለበት ሁሉ ይገኛል። በ1910 ሪፐብሊኩ የታወጀው ከዚሁ ሕንፃ ሰገነት ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ንጉሡ ሄደ፤ ቁራዎቹ ቀሩ።

ቁራዎቹ የሰማዕቱ የቅዱስ ቪንሰንት ናቸው። የፖርቱጋል የመጀመሪያው ንጉሥ አፎንሶ ኤንሪኬሽ በ1173 የሰማዕቱን አፅም ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በመርከብ ወደ ሊዝበን ሲያስመጣ ቁራዎች እየጠበቁት አብረው ተጓዙ ይባላል። እኛ ዘንድ ቁራ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ የቀረ ወስላታ ነው። እዚህ ግን ከመርከብ አልወርድም ብሎ ማዕረግ ያገኘ ወፍ ነው።

ፖርቱጋል 308 ማዘጋጃ ቤቶች አሏት፤ እያንዳንዱም የራሱ ባንዲራና አርማ አለው። ነገሩ ዱሮ እንደየፍላጎቱ ነበር። አንዱ ከተማ በማኅተሙ ላይ ያለውን ሥዕል ይዞ ይኖራል፣ ሌላው ቤተ መንግሥት የሰጠውን ጋሻ ይሰቅላል፣ ሦስተኛው ምንም የለውም። በ1930 ግን መንግሥት ለየማዘጋጃ ቤቱ መመሪያ በተነ፤ አርማችሁን ሥርዓት አስይዙ ተባለ። የቀረበውን ሁሉ የሚመረምረው የፖርቱጋል አርኪዮሎጂስቶች ማኅበር የአርማ ክፍል ነበር። አፎንሶ ዴ ዶርኔላሽ የሚባል ሰው ከሁሉም በላይ እጁን አስገብቶበታል፤ ዛሬ በየከተማው የሚውለበለቡት ብዙዎቹ አርማዎች የዚህን ሰው ጣዕም ይከተላሉ። አሁን የሚሠራበት ሕግ የ1991 ሲሆን መሠረቱን አልለወጠም። ጋሻው ከታች ክብ ይሆናል፤ ከሥሩ የከተማው ስም የተጻፈበት ጥብጣብ ይዘረጋል፤ ከላይ ደግሞ የግንብ ዘውድ ይቀመጣል።

ጨዋታው ያለው ዘውዱ ላይ ነው። በዘውዱ ላይ የሚታዩት ግንቦች ማዕረግ ናቸው፦ መንደር ሦስት የብር ግንብ፣ አነስተኛ ከተማ አራት፣ ሙሉ ከተማ የሚባለው አምስት። አምስት ግንብ፣ ያውም የወርቅ፣ ያላት ሊዝበን ብቻ ነች። ጨርቁም እንደዚያው ይናገራል፤ በስምንት የተከፈለ ከሆነ ከተማ ነው፣ በአራት የተከፈለ ወይም አንድ ቀለም ብቻ ከሆነ ግን ከዚያ ዝቅ ይላል። አነስተኛው ከተማ በምክር ቤት ውሳኔ ሲያድግ አንድ ግንብ ይጨመርለታል፤ ትከሻው ላይ ኮከብ እንደተጨመረለት መኮንን። ይህን የተረዳ መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት ባንዲራ እያየ የእያንዳንዱን ቦታ ደረጃ መናገር ይችላል። እኔ በበኩሌ ደረጃ ስቆጥር የመዋል ፍላጎት የለኝም። የመጣሁት ከሥርዓቱ ውጭ ለቀረች አንዲት ከተማ ነው፤ ካልዳሽ ዳ ራይኛ፣ የንግሥቲቱ ፍል ውኃ።

የካልዳሽ አርማ የግንብ ዘውድ የለውም። መሃሉ ላይ የንግሥት ሌኦኖር ጋሻ አለ፤ በአንድ ጎኑ ሽሪምፕ የሚጠመድበት ከረጢት መሳይ መረብ፣ በሌላው ጎኑ ደረቷን በመንቆሯ የምትወጋ ፔሊካን። መረቡ የእሷ የግል ምልክት ነው፤ ፔሊካኗ የባሏ የንጉሥ ዡዋዉ 2ኛ (በእኛ አጠራር ዮሐንስ)። ባልና ሚስት አንድ ባንዲራ ላይ የተቀመጡበት ከተማ ብዙ አይገኝም። ያውም እነዚህ ባልና ሚስት!

ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ሊዝበን፣ ወደ ማድሬ ደ ዴውሽ ገዳም ሄድኩ። ዛሬ የአገሪቱ የጌጥ ሸክላ ንጣፍ ሙዚየም ነው። ሌኦኖር ባሏ ከሞተ በኋላ በ1509 ያቆመችው ነው። ጎብኚው ሁሉ የሚጎርፈው ከ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት የነበረችውን ሊዝበንን ወደሚያሳየው፣ 23 ሜትር ገደማ ወደሚረዝመው ሰማያዊ ንጣፍ ነው፤ እውነትም ያስደምማል። እኔን የያዘኝ ግን የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው። መረቡና ፔሊካኑ ከድንጋይ ተቀርጸው በሩ ላይ አሉ። ንግሥቲቱ ራሷ ከውስጥ በኩል፣ በገዳሙ መተላለፊያ ወለል ላይ በአንድ ተራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ተቀብራለች። በ1525 ስትሞት እንዲህ እንዲሆን ያዘዘችው ራሷ ነች፤ ሐውልት የለ፣ የተኛ ምስል የለ፣ ሰው በላይዋ እንዲያልፍ።

የዘመኑን አቆጣጠር ስናይ ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለ። የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው፤ የተቀበለው ንጉሥ ማኑኤል የሌኦኖር ታናሽ ወንድም ነበር። እዚያ አንዲት ባለ ብልሃት ንግሥት ልጅ ንጉሥ ይዛ አገር ታስተዳድራለች፤ እዚህ አንዲት ባሏን የቀበረች ንግሥት በገዛ ሀብቷ ሆስፒታልና ገዳም ታሠራለች። በ1498 ደግሞ ዛሬም ድረስ የሚሠራውን የሊዝበን የምሕረት ማኅበር፣ ሚዜሪኮርዲያን፣ መሥርታለች።

ረቡዕ፣ ሳንታሬም

ከሳንታ አፖሎኒያ ጣቢያ ባቡሩ የታጉስን ወንዝ በቀኝ እያደረገ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወጣል። ሳንታሬም አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው ከታች ወንዙ ዳር፣ ከተማው ከላይ ገደሉ ላይ ነው፤ ዳገቱን በእግሬ የወጣሁት ለራሴ ክብር ስል ነበር፣ ከግማሽ በኋላ ግን ክብሩ ቀርቶ ውኃ ነበር የምፈልገው። የፀሐይ በር የሚባለው መናፈሻ የዱሮው ምሽግ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ወንዙን ቁልቁል ማየት ነው፤ ሰፊ፣ ቀርፋፋ፣ በደለል የተከበበ፣ ከማዶው እስከ ዓይን መጨረሻ እርሻ።

መረቡ የመጣው ከዚያ ከታች ነው።

በ1491 ሐምሌ ቤተ መንግሥቱ ሳንታሬም ነበር። የዡዋዉና የሌኦኖር አንድ ልጅ፣ ልዑል አፎንሶ፣ 16 ዓመቱ ነው፤ የካስቲል ነገሥታትን ልጅ ካገባ ዓመትም አልሞላው። በወንዙ ዳር ፈረስ ሲጋልብ ወደቀ። ያነሱት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ በመረባቸው ተሸክመው ወደ አንዱ ጎጆ አስገቡት ይባላል። በማግሥቱ እዚያው ሞተ። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ሌኦኖር መረቡን የራሷ ምልክት አደረገች፤ እናት ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በመረብ ተጠቅሎ ነውና። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የመጣ ቢሆንም፣ በምልክትነት የተመረጠው ነገር ራሱ ያስገርማል። በዚያ ዘመን ንግሥቶች ጽጌረዳ፣ ዘውድ፣ ኮከብ ይመርጣሉ። የድሃ ዓሣ አጥማጅ ዕቃ በድንጋይ ላይ ያስቀረጸች ንግሥት ግን እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

ሳንታሬም ለእኛም የምትነግረን አላት። ከልዑሉ ሞት አራት ዓመት በፊት፣ በግንቦት 1487፣ ዡዋዉ 2ኛ ከዚህችው ከተማ ሁለት ሰዎች በምስጢር ላከ፤ ጴሮ ዳ ኮቪልያንና አፎንሶ ደ ፓይቫን። ሥራቸው የቅመሙን ንግድ መንገድ ማጥናትና ያንን በአውሮፓ ሁሉ ወሬው የተነዛውን የምሥራቅ ክርስቲያን ንጉሥ፣ ቄስ ዮሐንስን፣ ማግኘት ነበር። ዓረብኛ የሚናገሩ፣ ነጋዴ መስለው የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። ፓይቫ መንገድ ላይ ሞተ። ኮቪልያ ሕንድን ዞሮ ካይሮ ሲመለስ የንጉሡን ሁለት አይሁድ መልእክተኞች አገኘ፤ የቤጃው ራቢ አብርሃምና የላሜጎው ጫማ ሰፊ ዮሴፍ። ያየውን ሁሉ ጽፎ ሰጣቸውና እሱ ወደ ኢትዮጵያ ቀጠለ። በአፄ እስክንድር ዘመን ደረሰ፤ በክብር ተቀበሉት፤ እስክንድር ሲሞት ግን የተከተሉት ነገሥታት ውጣ አላሉትም። ርስት ሰጡት፣ ሚስት አጋቡት፣ ልጆች ወለደ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ኮቪልያን ሸምግሎ አገኙት፤ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አጫውቶት ታሪኩን ጻፈ። የላከው ንጉሥ በ1495 ከሞተ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል። እኛ የቁራ መልእክተኛ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ብቻ ይኼኛው መቅረቱ በራሱ ፈቃድ አልነበረም።

መናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማሰብ ግድ ሆነብኝ። ከዚህ ገደል ላይ ሆኖ ሰውየው እስከ ዓለም ዳርቻ ሰላይ ይልካል፤ ልጁ ከገደሉ ሥር ከፈረስ ወድቆ ሲሞት ግን አንድ ነገር ማድረግ አይችልም።

ረቡዕ ስለሆነ ምሳ ላይ ሥጋውን አልነካሁም። አሳላፊዋ ጉዳዩን በቅጡ ሳትረዳ የሽንብራና የስፒናች ወጥ መሳይ አመጣችልኝ፤ እግዜር ይስጣት።

ሐሙስ፣ ወደ ካልዳሽ

ከሳንታሬም ወደ ምዕራብ አውቶቡሱ በሪዮ ማዮር በኩል ያልፋል። ከባሕሩ ርቆ ጨው የሚመረትበት ቦታ አለ፤ ከመሬት ሥር የሚወጣ ጨዋማ ውኃ በገንዳ ተዘርግቶ በፀሐይ ይደርቃል። ወርጄ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፤ አውቶቡሱ ግን የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም።

ካልዳሽ ዳ ራይኛ 50 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያለው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ከሊዝበን በስተሰሜን ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል። ትልቅ ቤተ መንግሥት፣ ትልቅ ካቴድራል አትፈልጉ። ከተማው የበቀለው ከአንድ ሆስፒታል ዙሪያ ነው። ሌኦኖር በ1484 በቅርብ ካለችው፣ በቅጥር ከተከበበችው ከኦቢዱሽ ወደ ባታልያ ስትሄድ ድሆች በሚሸት ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብተው ሲታጠቡ አየች ይባላል። ምን እያደረጋችሁ ነው ብትላቸው በሽታችንን ይፈውሰናል አሏት። እሷም ሞከረችው፣ ተሻላት፣ በዓመቱም በ1485 ሆስፒታሉ መሠራት ጀመረ። ጠበል የለመደ ሕዝብ ልጅ ይህን ታሪክ ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ ንግሥቲቱ በውኃው አጠገብ አልጋ፣ ሐኪምና መድኃኒት ቤት መጨመሯ ነው። በዓለም ላይ ካሉት የፍል ውኃ ሆስፒታሎች ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። ከጀርባው ያለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ኖሳ ሴኞራ ዶ ፖፑሉ፣ በ1500 ተጠናቀቀ፤ ውስጡ በሸክላ ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ሰፊ አይደለም፣ የታመመ ሰው ከአልጋው ተነስቶ የሚደርስበት ያህል ብቻ ነው። ሕንፃውን ዞሬ ሳልፍ የድኝ ሽታው በአፍንጫዬ ገባ። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ያው ሽታ!

ማታ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በተቆራረጠ እንግሊዝኛና በብዙ የእጅ ምልክት ስለ ባንዲራው ጠየቅኳቸው። "እርስዎ ለዚህ ብለው ነው የመጡት?" አሉኝ፣ እንደ መሳቅ ብለው። ካልዳሽ በ1927 ከተማ ስለተባለች በሥርዓቱ ከሄደ አምስት የብር ግንብ ይገባት ነበር አልኳቸው።

"ግንብ የሚፈልግ ኦቢዱሽ ይሂድ፤ ሞልቷል" አሉ። "እኛ ንግሥት አለችን።"

ቀጥለው የንጉሡንና የንግሥቲቱን ፍቅር ሊተርኩልኝ ጀመሩ። እዚህ ላይ እንግዳ ዝም ይላል፣ እኔም ዝም አልኩ። በልቤ ግን አልተስማማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዡዋዉ 2ኛ መሳፍንቱን የሰበረ ንጉሥ ነው። በ1483 ከአገሩ ሁሉ የበረታውን የብራጋንሳውን መስፍን፣ የሌኦኖርን እህት ባል፣ ኤቮራ ላይ አንገቱን አስቆረጠው። በ1484 ሌላ ሴራ ተነሳ ሲባል የቪዜውን መስፍን ዲዮጎን ሴቱባል ላይ አስጠርቶ በገዛ እጁ በጩቤ ገደለው። ዲዮጎ የሌኦኖር ወንድም ነው። ንግሥቲቱ የሙቁን ውኃ አገኘች የሚባልበት ዓመት ወንድሟ በባሏ እጅ የሞተበት ዓመት ነው። ሆስፒታሉ ሲጀመር እሷ ሐዘን ላይ ነበረች፤ ያውም ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ገዳዩ ራሱ የሆነበት ሐዘን። በዚያው በ1485 ደግሞ ንጉሡ የአገሪቱን ጋሻ ሲያስተካክል ነበር፤ በጎንና በጎን ተጋድመው የነበሩትን ትንንሽ ሰማያዊ ጋሻዎች ቀጥ አድርጎ አቆማቸው፣ የሥርወ መንግሥቱን ምልክት፣ የአቪዝን መስቀል፣ ከጋሻው አነሳ። ዛሬም በፖርቱጋል ባንዲራ ላይ ጋሻዎቹ እሱ እንዳቆማቸው ቆመዋል። ለምልክት ሥርዓት ይጨነቅ የነበረ ሰው ነው።

የፔሊካኑ መፈክር "ስለ ሕግና ስለ ሕዝብ" የሚል ነው። ወፏ ደረቷን ወግታ ጫጩቶቿን በደሟ ትመግባለች፤ ንጉሥም ለሕዝቡ እንዲሁ ነው ለማለት። ምሳሌው በእኛም ቤት አለ። ከግሪክ ወደ ግእዝ በጥንት የተመለሰው ፊሳልጎስ፣ ስለ እንስሳትና ምሥጢራቸው የሚናገረው መጽሐፍ፣ የዚህችን ወፍ ነገር ይተርካል። እዚያ ግን ታሪኩ ሙሉ ነው። ጫጩቶቹ ሲያድጉ የወላጆቻቸውን ፊት ይመታሉ፤ ወላጆቹም መልሰው መትተው ይገድሏቸዋል፤ ኋላ ያዝናሉ፤ በሦስተኛው ቀን እናት ጎኗን ወግታ በደሟ ታስነሳቸዋለች። አርማ ሠሪዎቹ የመጨረሻውን ብቻ ወሰዱ። ለዡዋዉ ግን የመጀመሪያው ክፍል ነው ይበልጥ የሚስማማው፤ የመታውን መልሶ የሚመታ፣ የራሱንም ቢሆን። ልዩነቱ ዲዮጎ በሦስተኛው ቀን አልተነሳም።

ዓርብ፣ ገበያውና ኦቢዱሽ

የፍራፍሬው አደባባይ ጠዋት ጠዋት ገበያ ነው፤ በየቀኑ፣ በአደባባዩ መሃል፣ ድንኳንና ጃንጥላ ተዘርግቶ። የዚህ አካባቢ ፒር ስመ ጥር ነው፤ ጠንካራ፣ ቆዳው ላይ የዛገ መሳይ ነጠብጣብ ያለው። ካቫካ የሚባል በስኳር የተለበጠ ደረቅ ብስኩትም አለ፤ ሲነክሱት ይንኮሻኮሻል፣ ሸሚዝ ላይ ይበተናል። ዋጋ ልከራከር ብዬ ነበር፤ ሻጯ እንዳልሰማች ሆና ሌላ ሰው አስተናገደች።

ካልዳሽ በሸክላም ትታወቃለች። ካርቱኒስቱ ራፋኤል ቦርዳሎ ፒኜሮ በ1884 ፋብሪካ ከፍቶ የጎመን ቅጠል የሚመስል ሳህን፣ እንቁራሪት፣ ተርብ፣ ድመት አሠራ፤ የተራው ሕዝብ ወኪል የሆነውን ዜ ፖቪኞንም በ1875 የሣለው እሱ ነው። እነዚህ እንስሳት ዛሬ ሰው አክለው በየመንገዱ ተተክለዋል። በአንዳንድ ሱቅ መስኮት ላይ ደግሞ እናቴ ብታይ ፊቷን የምታዞርበት ዓይነት ሸክላ ተደርድሯል፤ የከተማው የቆየ ቀልድ ነው አሉ። መምህሯ ስለዚህኛው አልነገሩኝም።

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያለው አደባባይ ስሙ ኤፕሪል 25 ነው፤ በ1974 አምባገነኑ ሥርዓት የወደቀበት ቀን። ካልዳሽ ከዚያ ቀድማለች። ማርች 16 ከዚህ ከተማ የእግረኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች ተነስተው ወደ ሊዝበን ገሠገሡ፤ የሚተባበራቸው ጠፋ፣ ተመለሱ፣ ተያዙ። ከአርባ ቀን በኋላ የተቀረው ጦር ጨረሰው። የእኛም አብዮት በዚያው ዓመት ነበርና ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም ማለቴ አልቀረም።

ባንዲራው ከፖርቱጋልና ከአውሮፓ ኅብረት ባንዲራዎች ጎን ተሰቅሏል። ነፋስ ስላልነበረ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል፤ የመረቡ ጫፍና የፔሊካኑ ክንፍ ብቻ ይታያሉ። ደግነቱ አርማው በሌላም ቦታ አለ፣ በግልጽ አየሁት። እውነቱን ለመናገር በሥዕልነቱ ጥሩ አይደለም። የ1930ው መመሪያ አርማ ከሩቅ እንዲለይ፣ ጥቂት ነገርና ደማቅ ቀለም እንዲይዝ ይፈልጋል፤ ስለዚህም የፖርቱጋል ማዘጋጃ ቤቶች አርማ ሲያዩት ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህኛው የተጨናነቀ ነው፤ በሜዳ ላይ ማንም አይለየውም። ከጥቅሙ አንጻር ዶርኔላሽ ትክክል ነበር። ግን አስቡት፤ መመሪያው ቢሠራበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ክብ ጋሻ፣ አንድ ምንጭ፣ ምናልባት አንድ ዘውድ፣ ከላይ አምስት ግንብ። የፍል ውኃ ከተማ መሆኗን ሁሉም ይረዳል። የሞተው ልጅ፣ የተገደለው ወንድም፣ ቂም ይዛ በአንድ ማዕድ የተቀመጠችው ሚስት ግን ይጠፋሉ። ሥርዓት ቦታን ያሳያል፤ ይህ አርማ ሰው ያሳያል። ከተማው እምቢ ያለው ከዚህ አስቦ ይሁን ከእልህ፣ እኔ ምርጫውን ወድጄለታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ኦቢዱሽ። ቅርብ ነው፤ ቡና ጠጥቶ ለመጨረስ የሚፈጀውን ያህል እንኳ አይርቅም። የፖርቱጋል ነገሥታት ለሚስቶቻቸው በስጦታ ሲሰጧት የኖረች፣ በቅጥር የተከበበች ነጭ ከተማ ነች። ዋናው መንገድ በቱሪስትና በቸኮሌት ፅዋ በሚሸጥ የቼሪ አረቄ የተሞላ ስለሆነ ብዙ አልቆየሁበትም። በሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ግን የድንጋይ ምሰሶ አለ፤ ጥፋተኛ የሚታሰርበትና የሚገረፍበት፣ የከተማ ፍርድ ምልክት። በአንድ ፊቱ የንጉሡ ጋሻ፣ በሌላው ፊቱ የሌኦኖር መረብ ተቀርጾበታል። መረቡ የተቀረጸው በመገረፊያ ምሰሶ ላይ መሆኑን ስመለከት ትናንት ካሰብኩት ትንሽ አፈገፈግኩ። ሌኦኖር የምታለቅስ እናት ብቻ አልነበረችም፤ ገዢም ነበረች። የሐዘኗን ምልክት ፍርዷ በሚፈጸምበት ድንጋይ ላይ አድርጋ የዚህ አገር እመቤት ማን እንደሆነች አሳውቃለች።

ይህንኑ ሥልጣን ባሏ ላይም ተጠቅማበታለች። ልዑሉ ከሞተ በኋላ ዡዋዉ ከሌላ ሴት የወለደውን ልጁን ዦርዥን አልጋ ሊያወርሰው ፈለገ። ሌኦኖር አሻፈረኝ አለች። ዘውዱ ወደ ወንድሟ ወደ ማኑኤል እስኪሄድ አልተኛችም፤ ተሳካላትም። ቫስኮ ዳ ጋማን ወደ ሕንድ የላከው፣ ማቴዎስን የተቀበለው፣ የፖርቱጋል የሀብት ዘመን የሚባለው ሁሉ የማኑኤል ነው። ፔሊካኑ የዘራውን የመረቡ ወገን አጨደው።

ቅዳሜ፣ ባታልያ

ባታልያ አንድ ትልቅ ገዳምና በዙሪያው የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ነች፤ ስሟም በ1385 በአልዡባሮታ ከተደረገው ጦርነት የመጣ ነው። ገዳሙን ያሠራው የዚያ ጦርነት ባለ ድል ዡዋዉ 1ኛ ነው። ያላለቁት ጸሎት ቤቶች ጣራ የላቸውም፤ የበሩ ቅርጽ ግን ድንጋይ ሳይሆን ጥልፍ ነው የሚመስለው፤ ሰማዩ ከላይ ይታያል። ስለ ሥራው ብዙዎች ጽፈዋልና አልደግመውም።

እኔ የሄድኩት ወደ መሥራቹ ጸሎት ቤት ነው። በመሃሉ ዡዋዉ 1ኛና እንግሊዛዊት ሚስቱ ፊሊፓ በአንድ መቃብር ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በድንጋይ የተቀረጹት እጆቻቸው ተያይዘዋል። በምዕራቡ ግድግዳ ሦስት መቃብሮች አሉ፦ አፎንሶ 5ኛ፣ ልጁ ዡዋዉ 2ኛ፣ የልጅ ልጁ ያ ከፈረስ የወደቀው አፎንሶ። አያት፣ አባት፣ ልጅ። እናት የለችም፤ እናት ሊዝበን ውስጥ በመተላለፊያው ወለል ሥር ነች።

ከአጠገቤ የቆመ አንድ አስጎብኚ ለቡድኑ የዡዋዉ 1ኛንና የፊሊፓን እጅ እያሳየ ፍቅር ይላል። ሁሉም ፎቶ ያነሳል። ወደ ግድግዳው ሲደርስ ስሞቹን ብቻ ጠርቶ አለፈ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጸሎት ቤቱ ባዶ ሆነ። ቢያንስ አንድ ነገር ቢነግራቸው ብዬ ተናደድኩ። ዡዋዉ 2ኛ በ1495 በደቡብ፣ አልቮር ላይ ሞቶ መጀመሪያ የተቀበረው በሲልቬሽ ካቴድራል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አፅሙን በታላቅ ሥርዓት፣ ሠራዊትና ካህናት አሰልፎ ወደዚህ ያስመጣው፣ ወንድሙን ዲዮጎን በጩቤ የገደለበት ያው ማኑኤል ነው።